ተራውን የሚጠብቀው እንክብል

ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ። ጥቂት ዝም ይልና ደግሞ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ። ድምፁ ከጫጩት ድምፅ አይበልጥም፤ ሆኖም በዚያ ሕንፃ ውስጥ እሱን ሰምቶ ሥራውን የሚቀጥል ሰው አልነበረም። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያሉት በሮች ገርበብ ገርበብ አሉ፤ ከየበሩም አንድ አንድ ጭንቅላት ብቅ አለ። ኮሪደሩን የምታጸዳው ሴትዮ መወልወያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ "ዛሬም?" አለች፤ ለማንም አይደለም።

ዛሬም ነበር። የሚጮኸው የቴርሞሜትር መፈተሻው ክፍል ደወል ነው። ለዚህ ክፍል ሆስፒታሎች፣ ዳቦ ቤቶች፣ የክትባት ማቀዝቀዣ ያላቸው ጤና ጣቢያዎች ቴርሞሜትሮቻቸውን ይልካሉ፤ ክፍሉም እያንዳንዱን ከዋናው ቴርሞሜትር ጎን አስቀምጦ ካስተያየ በኋላ "ይህ እውነተኛ ነው" ወይም "ይህ ይዋሻል" የሚል ወረቀት ይሰጣል። ሌላውን ውሸታም የሚል ክፍል ራሱ ሊዋዥቅ አይገባምና፣ የክፍሉ ሙቀት ክረምት ከበጋ ሃያ ዲግሪ ነው። ከዚያ በግማሽ ዲግሪ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ያ ጫጩት ይጮኻል። የጮኸበት ሰዓትም ማሽኑ ሆድ ውስጥ ተመዝግቦ ይቀራል፤ የሚሰርዘው የለም።

በየወረቀቱ ግርጌ የምትፈርመው አንዲት ሴት ብቻ ናት። በፊቷ "ኃላፊ" ይሏታል፤ ዞር ስትል "እትዬ ዲግሪ"። ዕድሜዋ ሃምሳ ሁለት ነው፤ ከዚያ ውስጥ ሃያ ስድስቱን የጨረሰችው በዚህ ክፍል ነው። መዳፏን የሻይ ብርጭቆ ላይ አሳርፋ "ስልሳ አንድ" ትላለች፤ ተጠራጥሮ የለካ ሰው ሁሉ አፍሮ ተመልሷል። ልጅ ሲያተኩስባቸው ቴርሞሜትር ከመፈለግ የእሷን በር ማንኳኳት የሚቀናቸው ጎረቤቶች አሏት።

ምክትሏ ሮጦ ሲገባ እትዬ ዲግሪ ክፍሉን በሚያቀዘቅዘው ኤሲ ሥር ቆማለች። የነጭ ጋዋኗ ሁለት ቁልፎች ተፈትተዋል፤ ዓይኗ ተጨፍኗል፤ ፊቷ ፍም መስሏል፤ ከጆሮዋ ሥር የወረደው ላብ አንገትጌዋን አርሶታል። ሪሞቱ በእጇ ነው። የግድግዳው ሰሌዳ 18.7 ይላል።

"ማነው ይህን ማሽን የነካው?" አለች ዓይኗን ሳትገልጥ።

የምክትሉ ዓይን ሪሞቱ ላይ አረፈና ቶሎ ብሎ ወደ ጣሪያው ሸሸ። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ረዥም፣ ጨዋ፣ ነገር የማይወድ ሰው። ባለፉት ወራት እላዩ ላይ የሚደርበው ልብስ እየበዛ ሄዶ አሁን ሹራብ፣ ኮትና የሚስቱ አንገት ልብስ ላይ ደርሷል።

"እንጃ ኃላፊ፣ በሩ ይሆናል።"

"የምን በር?"

"ተከፍቶ ቆይቶ ይሆናላ።"

"ይሆናል፣" አለች፣ ምሕረት እንደምታደርግ ትልቅ ሰው። "ጻፈው በቃ።"

ምክትሉም መዝገቡን ገልጦ "ምክንያት፦ በር ተከፍቶ በመቆየቱ" ብሎ ጻፈ። ከላይ ያሉት ስምንት መስመሮች የሚሉትም ይህንኑ ነበር። ነገሩን በዚያ ፎቅ ላይ የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ስለዚህም ማንም አያውቅም ነበር።

በማግስቱ ዳይሬክተሩ አስጠራት።

"ይቀመጡ ኃላፊ። እርስዎ የዚህ ቤት ምሰሶ ነዎት።"

ምሰሶ የተባለ ሰው ቀጥሎ ምን እንደሚመጣበት ያውቃል። እትዬ ዲግሪ አልተቀመጠችም።

"ሥራችንን የሚመረምረው ገምጋሚ ከሦስት ወር በኋላ ይመጣል፣" አለ ዳይሬክተሩ፣ እስክሪብቶውን እያሽከረከረ። "የደወሉን መዝገብ ማየቱ አይቀርም። ዘጠኝ ጊዜ ጮ኿ል። ከእንግዲህ አንዴ እንኳ ቢደገም ፊርማው ወደ ምክትልዎ ይዛወራል። ከእኔ አይደለም፤ ደንቡ ነው።"

"ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

"ለዚህ ነው ለመንገር ያልከበደኝ።"

እትዬ ዲግሪ ደረጃውን እየወረደች አሰበችው። ፊርማዋን ከተቀማች በዚያ ክፍል ውስጥ የሚቀራት ሥራ በረዶ መፍጨት ነው። ዜሮ ዲግሪ የሚፈተነው በተፈጨ በረዶ በተሞላ ባልዲ ነው፤ በረዶውን የሚፈጨው ደግሞ ሁልጊዜም ከሁሉ በታች ያለው ሰው ነው። እሷም ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት የጀመረችው ከዚያው ባልዲ ነበር።

ግን ምን ታድርግ? እሳቱ በቀን አሥራ አንድ ጊዜ ይመጣል። ከደረቷ ይነሣና አንገቷን ይዞ ይወጣል፤ ግንባሯ ላይ ሲደርስ ዓለም ሁሉ ምድጃ ይሆናል፤ ከአራት አምስት ደቂቃ በኋላ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ጥሏት ይሄዳል፤ ብርድ ብቻ ይተውላታል። ቤት ውስጥ ብርድ ልብሱ ስንት ጊዜ እንደሚጣልና ስንት ጊዜ እንደሚለበስ የሚያውቀው ባሏ ነው። ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ለሚመጣ እንግዳ ሁሉ "በዚህ ቤት የምድር ወገብ በአልጋችን መካከል ያልፋል፤ እኔ የምተኛው ዋልታው ጋ ነው" ይላል።

እትዬ ዲግሪ ደግሞ የምታምነው የሚሰማትን ሳይሆን የሚለካውን ነው። አንድ ቅዳሜ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ራሷ የፈተነቻቸውን ሰባት ቴርሞሜትሮች ደረደረች፤ እሳቱን ጠበቀችው። መጣ። በአፏም፣ በብብቷም፣ በግንባሯም ለካች። ሰባቱም በአንድ ድምፅ 36.7 አሉ። እሷም ደብተሯን ስባ "ሙቀት፦ የለም" ብላ ጻፈች።

ያን ዕለት ልትጠይቃት የመጣችው ታናሽ እህቷ ናት፤ ፀጉር ሠሪ ነች። ደብተሩን ተቀብላ አነበበች፤ ቀና ብላ እህቷን አየች።

"እትዬ፣ ላብሽ ወረቀቱ ላይ እየተንጠባጠበ እኮ ነው።"

"መለኪያው የለም ይላል።"

"መለኪያውን አላላበውማ!"

"ድምፅሽን ቀንሺ።"

"ለምን? ባልሽ አያውቅም? ሰፈሩ አያውቅም? ስሚኝ፣ እኔ ጋ ማድረቂያው ሥር የሚቀመጡት ሴቶች ስለ ፀጉር የሚያወሩ ይመስልሻል? አንዷን ባሏ ያገኛት ማቀዝቀዣ ከፍታ ጭንቅላቷን ከጎመኑ ጋር አስቀምጣ ነው። ዛሬ መድኃኒት ይዛ እንደ ሰው ትተኛለች። ሰኞ ሐኪም ቤት እንሄዳለን፤ አልሄድም ካልሽ ይህን ደብተር ለዳይሬክተርሽ ነው የምሰጠው።"

ከሳሎን የባልየው ድምፅ ተሰማ፤ "ውሰጂልኝ እባክሽ! ዋልታው በረደኝ!"

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ነገር ግን ጥያቄዋ እንደ አሮጊት አያልቅም። የወር አበባዎ መቼ ነው የቆመው? ሁለት ዓመት ከሁለት ወር። በቤተሰብ የጡት ካንሰር? የለም። ደም መርጋት? የለም። ግፊት? ለካች፤ ደህና ነው። ጉበት? ደህና። ከዚያ ወንበሯን ጠጋ አድርጋ ማስረዳት ጀመረች።

"ሰውነትዎ አልጋለም። የተበላሸው አንጎል ውስጥ ያለው የሙቀት መቆጣጠሪያ ነው። ድሮ ትንሽ ከፍ ዝቅ ቢል ችላ ይል ነበር፤ አሁን ሆርሞኑ ሲቀንስ ወሰኑ ጠበበ። በትንሽ በትልቁ እሳት ተነሣ ብሎ ላብ ያዛል።"

እትዬ ዲግሪ ከወንበሯ ብድግ ልትል ምንም አልቀራት።

"ከስንት ወደ ስንት ነው የጠበበው?"

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። በሥራ ዘመኗ ይህን የጠየቃት ታማሚ አልነበረም።

"እ... ከሰው ሰው ይለያያል።"

"አማካዩስ?"

"እትዬ!" አለች እህቷ።

ሐኪሟ ሁለት ካርቶን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "ይህ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ነው፤ ኢስትሮጅን። በሳምንት ሁለት ጊዜ ይቀየራል፤ ዳሌዎ ላይ ነው የሚለጥፉት። ይህ ደግሞ እንክብል ነው፤ ፕሮጄስትሮን፤ ማታ ማታ ሲተኙ። ማህፀን ስላለዎት ሁለቱንም አንድ ላይ ነው የሚወስዱት።"

"ሙቀቱን የሚያወርደው የትኛው ነው?"

"በዋናነት ልጣፉ።"

"እንክብሉስ?"

"ልጣፉ ብቻውን ሲሆን የማህፀንን ግድግዳ ያወፍራል፤ ሲቆይ ወደ ክፉ ነገር ሊሄድ ይችላል። እንክብሉ ለዚያ ጠባቂ ነው።"

እትዬ ዲግሪ ደብተሯ ላይ "ሲቆይ" ብላ ጻፈችና ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። ሐኪሟ ማስጠንቀቋ ነበር፤ እሷ ግን ጊዜ እንደተሰጣት ቆጠረችው።

ይህ በሌላ ሰው ላይ የሚደርስ ስሕተት አይደለም። ሌላ ሰው ይረሳል፣ ይሰንፋል፣ ወይም የጎረቤት ወሬ ሰምቶ ይተዋል። እትዬ ዲግሪ የተሳሳተችው በጥንቃቄ ነው። በመፈተሻ ክፍሏ ግድግዳ ላይ፣ ከመስታወት በስተጀርባ፣ ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት ራሷ የጻፈችው አንቀጽ ሰባት ተሰቅሏል፦ "በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጥ። ሁለት ነገር ለውጠህ ውጤት ብታገኝ፣ ውጤቱ የማን እንደሆነ አታውቅም።" በዚህ አንቀጽ የተነሣ ሁለት ሠራተኛ ተቀጥቷል፤ አንድ ሠራተኛ ደግሞ አልቅሷል። እና አሁን ራሷ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰውነት ላይ፣ ሁለት አዲስ ነገር ትጀምር? ልጣፍና እንክብል? ከዚያ እሳቱ ቢቀር፣ ያስቀረው ማን እንደሆነ በምን ታውቃለች?

ስለዚህ ሠንጠረዥ አሰመረች። ለአሥር ሳምንት ልጣፉ ብቻ፤ ከአሥር ሳምንት በኋላ እንክብሉ ይጨመራል። በግራ በኩል ቀኑ፣ ቀጥሎ እሳቱ የመጣበት ብዛት፣ ቀጥሎ ክብደቱ ከአንድ እስከ አምስት፣ ቀጥሎ የእንቅልፍ ሰዓት። የእንክብሉን ካርቶን የልብስ መሳቢያዋ ውስጥ አስቀመጠችና ክዳኑ ላይ በጥሩ ጽሑፍ "ቁጥር ሁለት። ተራውን ይጠብቃል" የሚል ወረቀት ለጠፈችበት።

የሚገርመው ነገር መሥራቱ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አሥራ አንድ፣ አሥራ አንድ፣ አሥር። በሦስተኛው ሳምንት ስድስት። በአምስተኛው ሁለት፤ እነሱም ቢሆኑ ደረቷ ድረስ መጥተው የሚመለሱ ዓይን አፋሮች። ኤሲው ሪሞቱን ረሳው። ጫጩቱ ዝም አለ። ምክትሉ በመጀመሪያ የሚስቱን አንገት ልብስ መለሰ፣ ቀጥሎ ኮቱን አወለቀ፤ በሰባተኛው ሳምንት በሸሚዝ ብቻ ሲመጣ በዚያው ፎቅ ያሉት የሚዛን ክፍል ሠራተኞች ያመመው መስሏቸው "ምነው ከሳህ?" አሉት። ባሏም ቁርስ ላይ "የአየር ንብረት ለውጥ ተመዝግቧል፣ አሁን የምንኖረው ወይና ደጋ ነው" ብሎ አወጀ።

"አየሽ?" አለች እትዬ ዲግሪ ለእህቷ በስልክ። "ሥራ ማለት ይህ ነው።"

"ተመስገን ነው! ነግሬሽ አልነበር?"

ሁለቱም ደስ ብሏቸው ነበር፤ አንዷ ስለምን ደስ እንዳላት ሌላዋ ባታውቅም።

በዘጠነኛው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት፣ ለሥራ ስትለባብስ፣ እትዬ ዲግሪ ደም አየች። ከሁለት ዓመት በላይ ያላየችውን።  ከዚያ፣ ልማድ ክፉ ነው፣ ደብተሯን አውጥታ "ያልተጠበቀ ውጤት" ብላ ጻፈች። ፊደሎቹ የሌላ ሰው መሰሉ።

ወደ ሥራ አልሄደችም። የእህቷ ፀጉር ቤት ገባች። እህቷ የአንዲት ሴትዮ ፀጉር በቢጉዲን እየጠቀለለች ነበር፤ ሌላዋ ማድረቂያው ሥር መጽሔት ታገላብጣለች።

"ደም አየሁ፣" አለች እትዬ ዲግሪ በጆሮዋ።

እህቷ ቢጉዲኑን ለቀቀችው። "መጀመሪያ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ሊኖር ይችላል ይላሉ፤ ግን ለሐኪሟ እንነግራታለን። እንክብሉን ማታ ማታ ትውጫለሽ አይደል?"

"ተራው አልደረሰም።"

"የምን ተራ?"

"የእንክብሉ። የሚጀመረው በአሥራ አንደኛው ሳምንት ነው።"

ማድረቂያው ሥር ያለችው ሴትዮ መጽሔቱን ዘጋች፤ ጭንቅላቷን ከሥሩ አሾልካ አወጣች። "እኔ እንኳ ይህን አውቃለሁ!" አለች። "እኔ! ስልኬን መቆለፍ የማላውቀው!"

"አንቺ ዝም በይ፣ ፀጉርሽ አልደረቀም፣" አለቻት እህትየው። ከዚያ ወደ እትዬ ዲግሪ ዞራ ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ ግን የእህቷን ፊት አየችና ሽርጧን ፈትታ ወንበር ላይ ወረወረች። "ነይ። ተነሺ። እንሂድ።"

ሐኪሟ በአልትራሳውንድ አየች፤ ስክሪኑን ወደ እነሱ አዞረች።

"ይህ ግድግዳ በእርስዎ ዕድሜ ከአራት ከአምስት ሚሊሜትር ማለፍ አልነበረበትም። አሥራ ሦስት ሆኗል።"

"የመሣሪያው የስሕተት ህዳግ ስንት ነው?"

"የስሕተቱ ህዳግ እርስዎ ነዎት!" አለች ሐኪሟ፤ ወዲያው ተጸጸተችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ይቅርታ። ግን እስቲ ይንገሩኝ፣ አንድ ሾፌር መጀመሪያ ነዳጁን ለብቻው ልፈትን ብሎ ፍሬኑን ነቅሎ ቤቱ ቢያስቀምጥ ምን ይሉታል?"

እትዬ ዲግሪ አሰበችው። "ሠንጠረዥ ይዟል?" ልትል ነበር፤ አላለችም። አንገቷን ደፋች።

ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ እስኪመጣ አሥር ቀን ይፈጃል፤ እስከዚያ ልጣፉ ይነሣ ተባለ። ገምጋሚው የሚመጣው በአሥራ አንደኛው ቀን ነው።

ልጣፉ በተነሣ በሦስተኛው ቀን እሳቱ ተመለሰ፤ ቂም ይዞ የቆየ ነው የሚመስለው። እትዬ ዲግሪ ሪሞቱን አውጥታ ለምክትሏ ሰጠችው።

"ብለምንህ እንኳ እንዳትሰጠኝ።"

"እሺ ኃላፊ።"

"ባዝህስ?"

ምክትሉ ተጨነቀ። "ካዘዙኝማ..."

"ባዝህም እንዳትሰጠኝ!"

"ታዲያ ይህ ራሱ ትእዛዝ አይደል? የትኛውን ልስማ?"

በዚያው ቀን እትዬ ዲግሪ ፊርማዋን ብትነጠቅ ይደርስብኛል ብላ የፈራችውን ሥራ በገዛ ፈቃዷ ወሰደች። የዜሮ ዲግሪውን ፈተና እኔ እሠራዋለሁ ብላ በረዶ ፈጪ ሆነች። እሳቱ በመጣ ቁጥር ሁለት እጇን እስከ ክርኗ ባልዲው ውስጥ ከትታ ጥርሷን ነክሳ ትቆማለች፤ የክፍሉ ሙቀት አይነካም፤ ደወሉም አይጮህም። ሠራተኞቹ ኃላፊዋ በዚህ ዕድሜዋ ዝቅ ብላ መሥራቷን አይተው ልባቸው ተነካ፤ የሚዛን ክፍል ኃላፊም ለሠራተኞቹ እሷን ምሳሌ አድርጎ ተናገረ። በእነዚያ ቀናት ግን እጇ በረዶው ውስጥ ሆኖ የምታስበው ስለ ፊርማም ስለ ገምጋሚም አልነበረም። የምታስበው ስለ አሥራ ሦስት ሚሊሜትር ነበር። በሕይወቷ ሙሉ እንዲህ ያለ ትንሽ ቁጥር ፈርታ አታውቅም።

በአሥረኛው ቀን ሐኪሟ ደወለች። "ክፉ ነገር የለም። መወፈር ብቻ ነው፤ ይመለሳል። ከዛሬ ጀምሮ ሁለቱን አንድ ላይ፤ ከሦስት ወር በኋላ ደግመን እናየዋለን። ሰሙኝ? አንድ ላይ።"

"አንድ ላይ፣" አለች እትዬ ዲግሪ። ስልኩን ከዘጋች በኋላ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ባሏም ምን ሆነሽ አላት። "ወይና ደጋ" አለችው፤ እሱም ገባው መሰል፣ አጠገቧ ተቀመጠ።

ልጣፍ ግን በአንድ ቀን እሳት አያጠፋም። ገምጋሚው የመጣ ዕለት ጠዋት፣ ገና ሦስት ሰዓት ሳይሞላ፣ ሁለት ጊዜ መጥቶባት ነበር።

ገምጋሚው ስልሳን የተጠጋ፣ ቀጭን፣ ፊቱ ላይ ምንም የማይነበብ ሰው ነው። የራሱን እርሳስ፣ የራሱን ማስመሪያ፣ የራሱን የመጠጥ ውሃ ይዞ ነው የሚዞረው። ሰላምታ ከሰጠ በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ መዝገብ አገላበጠ። እትዬ ዲግሪ ከፊቱ፣ ምክትሉ ከጎኗ ቆመዋል። ከዚያ ጣቱን አንድ ገጽ ላይ አሳረፈ።

"ዘጠኝ ጊዜ። ምክንያት፦ በር ተከፍቶ በመቆየቱ። የማን ጽሑፍ ነው?"

"የእኔ፣" አለ ምክትሉ።

"ኮሪደሩ ስንት ዲግሪ ነው?"

"ሃያ አራት አካባቢ።"

"ሃያ አራት። በሩ ሲከፈት እንግዲህ የሃያ አራት ዲግሪ አየር የሃያ ዲግሪ ክፍል ውስጥ ይገባል።"

"አዎ።"

"ገብቶም ክፍሉን ወደ አሥራ ስምንት ያወርደዋል።"

ምክትሉ ጎንበስ ብሎ መዝገቡን አየ። በዚያ ክፍል ውስጥ ሁለት ዓመት የተማረ ልጅ የማይሳሳተውን ዘጠኝ ጊዜ በጥሩ ጽሑፍ ጽፎ ነበር። ጆሮው ቀላ።

"ስሕተቱ የእኔ ነው፣" አለ በመጨረሻ። "እኔ ነኝ በ..."

"እሱ አይደለም፣" አለች እትዬ ዲግሪ።

"ኃላፊ..."

"ዝም በል አንተ። እሱ የጻፈው እኔን ላለማሳፈር ነው። ኤሲውን ያወረድኩት እኔ ነኝ፤ ዘጠኙንም ጊዜ። ምክንያቱ እዚህ አለ።" ከጋዋን ኪሷ ሠንጠረዡን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ፊርማዋን በገዛ እጇ አሳልፋ የሰጠች መሰላት።

ገምጋሚው መነጽሩን አስተካክሎ ማንበብ ጀመረ። ከላይ እስከ ታች፣ መስመር በመስመር። በዚያው መሀል እሳቱ ተነሣ። ከደረቷ፣ ወደ አንገቷ፣ ወደ ግንባሯ። ባልዲው ከእሷ ሁለት እርምጃ ይርቃል። አልተንቀሳቀሰችም። ላቡ በአፍንጫዋ ጫፍ ወርዶ ጫማዋ ላይ ጠብ አለ። ምክትሉ ሪሞቱን የያዘበትን ኪሱን በእጁ ጨበጠ።

"ዛሬ ስንተኛው ነው?" አለ ገምጋሚው ቀና ሳይል።

"ሦስተኛው።"

ገምጋሚው ዞሮ የክፍሉን የሙቀት መስመር ስክሪኑ ላይ አየ። እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ብሏል።

"ሁለተኛው መድኃኒት ለምን ዘገየ?"

"በአንቀጽ ሰባት።"

"አንቀጽ ሰባትን ማን ጻፈው?"

"እኔ።"

"አሁንም ልክ ነው ይላሉ?"

"ለቴርሞሜትር ልክ ነው።" ላቧን በእጅጌዋ ጠረገች። "አብረው እንዲሠሩ የተሠሩ ሁለት ነገሮችን ነጣጥሎ መፈተን ግን ፈተና አይደለም። ድፍረት ነው።"

"ይህ አንቀጹ ላይ ተጽፏል?"

"አልተጻፈም።"

"ይጻፍ።" እርሳሱን አንሥቶ ቅጹ ላይ ሁለት መስመር አሰፈረ፤ እየጻፈም ጮክ ብሎ አነበበው። "ግኝት አንድ፦ አንቀጽ ሰባት ያልተሟላ ነው፤ በሠላሳ ቀን ውስጥ ይሟላ። ግኝት ሁለት፦ የዘጠኙ ክስተት ምክንያት በእውነተኛው ይተካ፤ በሩ ከክስ ነፃ ይሁን። ፊርማው ባለበት ይቀጥላል።" ቅጹን ወደ እሷ ገፋው። "እዚህ ጋ ይፈርሙ።"

ፈረመች። አንድ የላብ ጠብታ ስሟ ላይ ወደቀ፤ ገምጋሚው ያላየ መሰለ።

ሥራው ያለቀ መስሏቸው ነበር። ሰውየው ግን አልተነሣም። ሠንጠረዡን እንደገና ወደ ራሱ ሳበው። ጣቱን የእንቅልፍ ሰዓት በሚለው አምድ ላይ አስኪዶ፣ ቀስ እያለ፣ ወደ ታች ወረደ።

"እንቅልፍ የጀመሩት በሦስተኛው ሳምንት ነው?"

"በሦስተኛው መጨረሻ።"

"ከዚያ በፊት... ቁጣ ነበር? ያለ ምክንያት የሚመጣ?"

"እሱን ባሌን መጠየቅ ነው።"

"ባለቤቴም ሌሊቱን መስኮት ከፍታ ነው የምታሳልፈው፣" አለ ገምጋሚው ራሱን እየነቀነቀ። ወረቀቱን ለሁለት፣ ደግሞም ለአራት አጠፈው። ከግምገማው ሰነድ ጋር አልከተተውም፤ በሸሚዙ የደረት ኪስ ውስጥ አስገባው።

"ይህ የእኔ ብቻ ነው፣" አለች እትዬ ዲግሪ። "ለሌላ ሰው አይሠራም። ሌላ ሴት ብትሆን መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ሄዳ..."

ሰውየው ተነሣ። ማስመሪያውን ጠረጴዛው ላይ ትቶ፣ ውሃውን ትቶ፣ በሩን ከፍቶ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ የሚዛን ክፍል ሠራተኞች የተተኮሰ ጋዋን ለብሰው፣ የተወለወለ የናስ የሚዛን ድንጋያቸውን ይዘው ተሰልፈው ይጠብቁት ነበር፤ በፕሮግራሙ መሠረት ከምሳ በፊት የእነሱ ተራ ነው። ዳይሬክተሩ እጁን ዘርግቶ "በዚህ በኩል፣ ወደ ሚዛን ክፍል" አለ።

ገምጋሚው በሌላ በኩል ወደ ደረጃው አመራ። መጀመሪያ በእርምጃ፣ ከዚያ ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለ ሲወርድ የጫማው ድምፅ ተሰማ። ምክትሉ ወደ መስኮቱ ሄደ።

"ምን ሆኖ ነው?" አለ።

ሰውየው አንድ እጁን የደረት ኪሱ ላይ አድርጎ፣ ግቢውን አቋርጦ፣ መኪናውን ቆሞ ከሚጠብቀው ሾፌር አጠገብ አልፎ፣ በእግሩ ከበሩ ወጣ።